መጀመሪያ ሰርቪሱ፣ ከዚያ ትልቁ ቤት፦ ስለ ስታዲየም ጠየቃችሁ

ባለፈው እትም ስለ ራግቢ ሁለት አንቀጽ ብቻ ነበር የጻፍኩት። የእንግሊዝ ክለቦች በየጊዜው አንድ ትሪቡን እየጨመሩ ሜዳቸውን እንደሚያሰፉ አንስቼ አለፍኩ። ከዚያ በኋላ የመጣው ደብዳቤና የቴሌግራም መልእክት ብዛቱ አስገረመኝ። አብዛኞቻችሁ የጻፋችሁት ስለ ራግቢ አይደለም፤ ስለ ራሳችን ስታዲየም ነው። ገብቶኛል። እኔም የሰው አገር ሜዳ ታሪክ ሳነብ ልቤ ያለው ለገሃርና መስቀል አደባባይ መሀል ነው። ከመጡት አራቱን ዛሬ እመልሳለሁ። የውጭዎቹን ዓመቶች በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው።

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጅ። ለገሃር ተወልጄ ያደግኩ የኳስ ልጅ ነኝ። ራግቢ አልፎ አልፎ በዲኤስቲቪ አያለሁ፣ ሕጉ ግን ብዙም አይገባኝም። የገረመኝ ሌላ ነው። ጨዋታው እዚያው እንግሊዝ እንኳን የእግር ኳስን ያህል ተመልካች የለውም። ክለቦቹ ግን የራሳቸው ሜዳ አላቸው፣ ያሰፉታልም። የእኛ ጊዮርጊስና ቡና ስንት ዓመት አንድ ስታዲየም ተጋርተው ነው የኖሩት። እነዚያ ገንዘቡን ከየት አመጡት?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ገንዘቡን ከየት አመጡት ከማለትህ በፊት መሬቱ የማን ነው ብለህ ጠይቅ። ነገሩ ሁሉ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ኤክሰተርን ልንገርህ። ደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ ያለች መካከለኛ ከተማ ናት። የራግቢ ክለቧ ከ1905 ጀምሮ ካውንቲ ግራውንድ በሚባል ሜዳ ላይ ይጫወት ነበር። ሜዳው ከተማው ውስጥ፣ በመኖሪያ ቤቶች የተከበበ ነው፤ አርጅቷል፣ መስፋፊያም የለውም። ክለቡ ሸጠው። ዛሬ ቦታው ላይ ሰው የሚኖርበት ቤት ነው ያለው። ከዚያ በ2006 ከከተማው ጫፍ፣ አውራ ጎዳናው አጠገብ፣ ሳንዲ ፓርክ የሚባለውን አዲስ ሜዳ ከፈተ። ያኔ ክለቡ ገና ሁለተኛው ዲቪዚዮን ውስጥ ነበር። የሠራውም ስምንት ሺህ ሰው አካባቢ የሚይዝ ሜዳ ነው። በቃ፣ ያን ያህል ብቻ።

ይሄ እኮ እኛ ሰፈር ቤት የሚሠራበት መንገድ ነው። ቦታ ያገኘ ሰው መጀመሪያ ከጓሮ ሰርቪሱን ይሠራና ይገባበታል። ከፊት ለፊት ሱቅ አውጥቶ ያከራያል። ትልቁ ቤት ብር ሲገኝ ይደርሳል። ኤክሰተርም እንደዚሁ አደረገ። በ2010 ወደ ላይኛው ሊግ ወጣ። በ2014 ስታዲየሙ ወደ 13 ሺህ ተጠጋ፣ ቆይቶም 15 ሺህን አለፈ። ጭማሪው የመጣው ደረጃ በደረጃ፣ ክለቡ እያደገ ሲሄድ ነው። በ2020 ክለቡ የእንግሊዝም የአውሮፓም ሻምፒዮን ሆነ።

ሱቁስ? ሱቁ አዳራሹ ነው። አስበው፣ አንድ የራግቢ ክለብ በሜዳው የሚጫወተው በዓመት ሃያ ቀን ቢሞላ ነው። በቀረው 345 ቀን ያ ሁሉ ሲሚንቶ ዝም ብሎ ይቀመጥ? ሳንዲ ፓርክ ትሪቡኑ ሥር ትልልቅ አዳራሾች አሉት። ስብሰባ ይከራዩበታል፣ ሠርግ ይደገስበታል። ቅዳሜ ተጫዋቹ ጭቃ ለብሶ በሚወጣበት ሕንጻ ውስጥ በሳምንቱ አጋማሽ ሰዎች በሱፍና በከረባት ተቀምጠው ሥራቸውን ያወራሉ።

ሐሳቡ ለእኛ አዲስ አይደለም። በስታዲየማችን ዙሪያ ያሉትን ሱቆች ታውቃቸዋለህ፤ ማልያ፣ ዋንጫ፣ ሜዳሊያ፣ የስፖርት ጫማ ያልገዛንባቸው አለን? ከጨዋታ በኋላ ተሰብስበን የምንከራከርባቸው ቤቶችም እዚያው ናቸው። ልዩነቱ ኪራዩ የት ይገባል የሚለው ነው። ኤክሰተር ላይ የሠርጉ ብር ተመልሶ ወደ ክለቡ ይገባል። እኛ ጋ ስታዲየሙ የክለቦቹ አይደለም፣ ስለዚህ ማክሰኞ ቀን የሚሸጠው ቡናም ማልያም ለክለብ ምንም አይጨምርም። ክለቡ ያለችው የበር ገቢና ስፖንሰር ናት።

አንዳንዱ ክለብ ደግሞ የሚያሰፋው ተገዶ ነው። የእንግሊዝ ላይኛው ሊግ ለመግባት 10,001 ሰው የሚይዝ ሜዳ ይጠየቅ ነበር። የምዕራብ ለንደኑ ኢሊንግ በ2022 ሁለተኛውን ዲቪዚዮን አሸንፎ ሳለ ሜዳው መስፈርቱን ስላላሟላ ሳያድግ ቀረ። ዋንጫ ይዘህ ባለህበት ስትቀር ይታይህ! ሌስተር ግን የዚህ ችግር የለበትም። ዌልፎርድ ሮድ በሚባለው ሜዳው ላይ ከ1892 ጀምሮ አለ፤ በ2009 በአንድ ጎን ብቻ 10 ሺህ ሰው የሚይዝ ትሪቡን አቆመ።

አሁን መጥፎውን ልንገርህ፣ ይሄን ሳልነግርህ ባልፍ እበድልሃለሁ። ዋስፕስ የሚባል በ1867 የተመሠረተ ክለብ ነበር። ለንደን የነበረውን የራሱን ሜዳ በ1990ዎቹ ከለቀቀ በኋላ እዚያና አካባቢው በሰው ሜዳ እየተከራየ ኖረ። በ2014 ኮቨንትሪ ከተማ ያለ፣ ከ30 ሺህ ሰው በላይ የሚይዝ፣ ሆቴልና ካዚኖ ጭምር ያለበት ትልቅ ስታዲየም ገዛና ጓዙን ጠቅልሎ ሄደ። በዓመቱ ለሕዝብ ቦንድ ሸጠ፣ 35 ሚሊዮን ፓውንድ። ቦንድ ምን እንደሆነ ለእኛ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ለህዳሴው ግድብ ያልገዛ ቤት የለም። ግን ግድብ መብራት ይሰጣል። ራግቢ ያን ያህል ወንበር አልሞላም። በ2022 ቦንዱን የሚመልስበት ቀን ደረሰ፣ ብሩ የለም፣ በጥቅምት ወር ክለቡ ተዘጋ። በአንድ ቀን 167 ተጫዋችና ሠራተኛ ሥራ አጣ። የ155 ዓመት ክለብ ነው። በዚያው የውድድር ዘመን ዉስተርም ለንደን አይሪሽም በዕዳ ወደቁ።

ስለዚህ የእኛ ክለቦች መጀመሪያ መጠየቅ ያለባቸው ትልቅ ስታዲየም አይመስለኝም። ቦታ ነው። በረጅም ዘመን ሊዝ፣ በክለቡ ስም፣ ማንም በማይነጥቀው ወረቀት የተያዘ ቦታ። አምስት ሺህ ሰው የሚይዝ ሜዳ በቂ ነው፤ ከሥሩ ግን የሚከራይ ነገር ይኑረው።

ጥያቄ፦ እንደምን ሰነበትክ። ከስታዲየሙ ጀርባ ትንሽ የፀጉር ቤት አለኝ፣ ቤቴም እዚያው ነው። ጨዋታ ሲኖር መንገዱ ይዘጋል፣ ደንበኛ አይመጣም፣ አጥሩ ሥር ሽንት የሚሸናውን አትጠይቀኝ። ስታዲየም አልጠላም፣ ባለቤቴም ልጆቼም የኳስ ሰዎች ናቸው። ግን ይሰፋል ሲባል እፈራለሁ። እዚያ አገር ጎረቤትን ይጠይቃሉ?

መልስ፦ እህቴ፣ ይጠይቃሉ። አንዳንዴም ጎረቤቱ የስታዲየሙን ቅርጽ ይለውጠዋል።

ደብሊን፣ አየርላንድ፣ ላንስዳውን ሮድ የሚባል ጥንታዊ የራግቢ ሜዳ ነበር። በ2007 ፈረሰና በቦታው አዲስ ተሠራ፣ በ2010 ተከፈተ፣ አሁን አቪቫ ስታዲየም ነው የሚባለው። ፎቶውን በስልክሽ አውጥተሽ እዪው። በሦስት በኩል ወደ ላይ ይወጣል፣ ፎቅ በፎቅ ነው። በሰሜኑ በኩል ግን ጣሪያው እንደ ኮርቻ ወርዶ ወርዶ መሬት ሊነካ ይደርሳል። እዚያ ጋ ያለው አንድ ዝቅ ያለ የመቀመጫ ረድፍ ብቻ ነው፤ ከኋላው ብርሃን የሚያሳልፍ ግድግዳ፣ ከግድግዳው ወዲያ ደግሞ የሰዎች ቤት ጣሪያና ጭስ ማውጫ። ለምን መሰለሽ? እዚያ የሚኖሩት ሰዎች ፀሐይ እንዳይጋረድባቸው ነው። ከ51 ሺህ ሰው በላይ የሚይዝ የአገር ስታዲየም ለጥቂት ቤቶች ፀሐይ ብሎ አንድ ጎኑን ዝቅ አደረገ። ስንት ሺህ ወንበር ሊጨመርበት ይችል እንደነበር አስቢ። እኔ ግን ካየኋቸው የስታዲየም ቅርጾች ሁሉ ያቺን ዝቅ ያለች ጎን የሚያህል አልወደድኩም።

እንግሊዝ ያለችው የባዝ ከተማ ጉዳይ ደግሞ በፍርድ ቤት ያለፈ ነው። የባዝ ክለብ ከ1894 ጀምሮ ያለበት ሜዳ ወንዝ ዳር፣ ከተማው መሀል ነው፤ ከተማዋም በዓለም ቅርስነት ተመዝግባለች። መሬቱ በ1922 ሲተላለፍ ጎረቤትን የሚያውክ ነገር አይሠራበትም የሚል ቃል በውሉ ተጽፏል። ክለቡ ወደ 18 ሺህ ልድረስ ሲል ያቺ የመቶ ዓመት መስመር ተነሳች። በ2021 መጨረሻ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ለክለቡ ፈረደ። እስከዚያ ግን ስንት ዓመት ተከራከሩ መሰለሽ። ክለቡ በአንድ በኩል በየዓመቱ በእነሱ በጋ የሚነቀል፣ በመኸር የሚተከል ጊዜያዊ ትሪቡን ይዞ ነበር የኖረው።

አንቺ ሰፈር ማስፋፊያ የሚባል ነገር ከመጣና ለውይይት ወረዳ ከጠሩሽ ቅሪ እንዳትዪ። ስለ ኳስ ሳይሆን ስለ ሦስት ነገር ጠይቂ። ጥላው ጠዋት የት ይወድቃል፣ የዝናቡ ውሃ ወደ የት ይፈሳል፣ ሽንት ቤቱ ስንት ነው፣ ከውጭ በኩልስ በር አለው ወይ። የመጨረሻው ጥያቄሽ ላይ እኔም አብሬሽ እጮሃለሁ። በዝናብ ተሰልፈን፣ ሁለት ሰዓት ቆመን፣ መሄጃ ስናጣ ያደረግነውን የምናውቅ እኛው ደጋፊዎቹ ነን፤ ያንቺን አጥር ያበላሸነውም እኛ ነን። ይቅርታ።

ጥያቄ፦ ለአዘጋጁ ክፍል። እኔ የ1954ቱን የአፍሪካ ዋንጫ በልጅነቴ ስታዲየም ገብቼ አይቻለሁ። ግብፅን 4 ለ 2 ስናሸንፍ፣ ሉቺያኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ከጃንሆይ እጅ ሲቀበል እዚያው ነበርኩ። ያ ስታዲየም ለእድሳት ተብሎ ስንት ዓመት ተዘጋብን። ብሔራዊ ቡድናችንም የሜዳውን ጨዋታ ሰው አገር ሄዶ ሲጫወት አየን። እነዚያ እየገነቡ ይጫወታሉ ትላለህ። እንዴት? ደግሞስ የእኛ ሜዳ በሩጫ መም የተከበበ ነው። መሙን የት እናድርገው?

መልስ፦ ጋሼ፣ ያንን ቀን ያየ ሰው ደብዳቤ ሲጽፍልኝ እጄ ይንቀጠቀጣል። አመሰግናለሁ።

እየገነቡ የሚጫወቱት አንዱን ጎን ብቻ አጥረው ነው። ሦስቱ ጎን ክፍት ይሆናል፣ ሰውም ገቢም አይቋረጥም። ከባዱን ሥራ ውድድር በሌለበት በእነሱ በጋ ይገፉታል። ይሄ እንዲሆን ታዲያ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ብሩም ዕቃውም መገኘት አለበት፤ አጥሮ መቆም እነሱም ጋ ቢሆን ክለብ ይገድላል።

ሙሉ በሙሉ ማፍረስ ሲመጣ ግን ጎረቤት ነው የሚያስጠልለው። የደብሊኑ ሜዳ ሲፈርስ የአየርላንድ ራግቢ ቡድን መጫወቻ አጣ። ከተማው ውስጥ ክሮክ ፓርክ የሚባል ከ80 ሺህ ሰው በላይ የሚይዝ ስታዲየም አለ። የአየርላንዶቹ የራሳቸው የባህል ጨዋታዎች ማኅበር ንብረት ነው። ማኅበሩ በሕጉ የእንግሊዝ ጨዋታ የሚላቸውን፣ ራግቢንም እግር ኳስንም፣ ደጁን አያስረግጥም ነበር። ምክንያት አለው። በ1920 የእንግሊዝ ኃይሎች እዚያው ሜዳ ላይ በተሰበሰበው ሕዝብ ላይ ተኩሰው 14 ሰው ገድለዋል። በ2005 ግን አባላቱ ድምፅ ሰጥተው በሩን ከፈቱ፤ ቤታችሁ እስኪሠራ ኑ ማለታቸው ነው። በየካቲት 2007 እንግሊዝ መጥታ ልትጫወት ሆነ። የእንግሊዝ ብሔራዊ መዝሙር እዚያ ሜዳ ላይ ሊዘመር! የካቲት 12ን የምናስብ ሰዎች ስለሆንን ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ይገባናል። ሕዝቡ በጨዋነት ሰማ። መዝሙሩ አለቀ፣ ተጨበጨበ። ከዚያ አየርላንድ 43 ለ 13 አሸነፈች። እኔ ያን ጨዋታ ከዓመታት በኋላ በቪዲዮ ነው ያየሁት፤ ከመዝሙሩ በፊት የነበረችውን ዝምታ ደጋግሜ ሰምቻታለሁ።

ወደ መሙ ልመለስ። ሰሜን ለንደን ያለው የሳራሰንስ ክለብ ልክ የእኛን የመሰለ ነገር ገጥሞታል። ሜዳው የአትሌቲክስ ነው፣ ቦታው የአካባቢው ምክር ቤት ንብረት ነው። ክለቡ በረጅም ሊዝ ያዘና በ2013 ገባበት። መሙን አላፈረሰውም። ተንቀሳቃሽ ትሪቡን ሠራ። ለራግቢ ሲሆን መቀመጫው በመሙ ላይ እየተገፋ ወደ ሜዳው ይጠጋል፣ ተመልካቹ የተጫዋቹን ትንፋሽ ሊሰማ ምንም አይቀረው። ለሩጫ ሲሆን ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ሯጮቹም መማቸውን ያገኛሉ። ቆይቶ በአንዱ ጎን አዲስ ቋሚ ትሪቡን አስገነባ። የአበበና የኃይሌ አገር ሆነን መም ይነሳ የሚል ሰው ሲያጋጥምዎ ይሄንን ይንገሩልኝ። ኳሱም ሩጫውም ባንድ ሜዳ ይኖራል፤ ትንሽ ብረትና ብዙ ማሰብ ነው የሚፈልገው።

ጥያቄ፦ የአርክቴክቸር ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ሥራዬን በአዲስ አበባ ስታዲየም ማስፋፊያ ላይ ልሠራ ነው። አስተማሪዬ "62 ሺህ ሰው እንዲይዝ የታቀደ አደይ አበባ ስታዲየም እያለ ለምን አሮጌው ላይ ትደክሚያለሽ?" አሉኝ። ምን ልበል?

መልስ፦ አደይ አበባ ቦሌ ነው፣ የራሱ ሥራ አለው፣ አልቆ ማየት የማይፈልግ የለም። ያንቺ ስታዲየም ግን ሰው በእግሩ የሚደርስበት ነው። የቀላል ባቡሩ ፌርማታ ራሱ "ስታዲየም" ይባላል። የደብሊኑ አቪቫም ባቡር ጣቢያው በሩ ላይ ነው።

ለምሳሌ ትዊክነምን አጥኚ፣ የእንግሊዝ ራግቢ ቤት ነው። በ1907 ቦታው ሲገዛ ጥቅል ጎመን የሚተከልበት ማሳ ነበር፣ እስከ ዛሬ "የጎመን ማሳው" ይሉታል። አሁን 82 ሺህ ሰው ይይዛል፤ ወደዚያ የደረሰው ጎን በጎን፣ መቶ ዓመት ፈጅቶ ነው። ከዚያ ግሎስተርን እዪ። ኪንግስሆልም የሚባል ሜዳ አላቸው፣ ከ1891 ጀምሮ። በአንዱ ጎን ደጋፊው ቆሞ የሚያይበት፣ ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ ድምፅ የሚያስተጋባ ቦታ አለ፤ "ዘ ሼድ" ይሉታል፣ መጠለያው እንደማለት። በ2007 ፊት ለፊቱ ያለውን ዋናውን ትሪቡን አዲስ አደረጉት። ሼዱን አልነኩትም። ለደጋፊው ያለ እሱ ግሎስተር ግሎስተር አይደለም።

እኛም ካታንጋ፣ ሚስማር ተራ፣ ዳፍ ትራክ፣ ከማን አንሼ፣ ጥላ ፎቅ የሚባሉ የመቀመጫ ቦታ ስሞች አሉን። ማንም ኢንጂነር አላወጣቸውም፣ ደጋፊው ነው ያወጣቸው። ወንበሩ ይለወጥ፣ ካርቶን አንጥፈን ሲሚንቶ ላይ መቀመጥ ይብቃን፣ በዝናብ ፌስታል ጭንቅላታችን ላይ ማጥለቅም ይብቃን። ስሞቹ ግን በንድፍሽ ላይ ይጻፉ፣ "ምዕራብ ሀ" "ምሥራቅ ለ" እንዳታደርጊያቸው አደራ።

ኮምፒውተር ከመክፈትሽ በፊት ደግሞ ጨዋታ በሌለበት ማክሰኞ ከሰዓት ሂጂ። ስታዲየሙን አንድ ጊዜ ዙሪው። ክፍት የሆኑትን ሱቆች ቁጠሪ፣ ምን እንደሚሸጡ ጻፊ፣ ኪራዩን ለማን እንደሚከፍሉ ጠይቂ። ከዚያ በዕድሜ ከፍ ያለ ደጋፊ ፈልጊና ሚስማር ተራ ከየት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ በጣቱ እንዲያሳይሽ ለምኚው።